የተማሪዎች የአእምሮ ጤና፦ እንደ መድኃኒት በመጠኑና በሰዓቱ



በዚህ ዓምድ ስለ ወባ፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕሳችን በቴርሞሜትር የማይለካ፣ በላቦራቶሪ የማይገኝ፣ ቤታችን ውስጥ ግን በየቀኑ የሚታይ ጉዳይ ነው። እርሱም የተማሪ ልጆቻችን የአእምሮ ጤና ነው። ጽሑፉን በራሴ ጥፋት ልጀምር።

እዚሁ ቀይ አፈር ላይ በምሠራበት መድኃኒት መደብር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ትመጣ ነበር። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ከገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። «እትዬ፣ ራሴን ያመኛል» አለችኝ፤ ፓራሲታሞል ሰጠኋት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ሰጠኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «ዓይንሽን ተመርመሪ» ብዬ መከርኳት፤ ክኒኑንም ጨመርኩላት። በአራተኛው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንቅልፍ የሚያስተኛ ነገር የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም» ብዬ መለስኳት። ሕጉን አክብሬያለሁ፤ «ለምን እንቅልፍ አጣሽ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ግን ከአፌ አልወጣችም። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤተሰቦቿ መመለሷን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

በዓመቱ አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከእናቷ ጋር ሆና ለትንሽ ወንድሟ ኦ.አር.ኤስ. ልትገዛ መጣች። ጥያቄውን ያኔ ጠየቅኳት። ለካ ያን ዓመት ታላቅ ወንድሟ ሞቶባት ኖሯል። ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስዳት ቀን ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ስታንቀላፋ ያንበረክኳታል፤ ስትንበረከክ ታፍራለች፤ ስታፍር ትቀራለች። «ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም» አለችኝ።

በዚያው ዓመት በልጅቷ ትምህርት ቤት ስለ አእምሮ ጤና ንግግር ተደርጎ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። እርሷም ሰልፍ ላይ ቆማ ሰምታኛለች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ንግግር ነው። ስለ አእምሮ ጤና መናገር መልካም ነው፤ ንግግር ብቻውን ግን ልጅን አይደርስለትም። ታዲያ የሚደርስለት ምንድን ነው? በሌላው ዓለምና በአገራችን ተሞክሮ የሠራው የትኛው ነው? እኛስ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ እንዴት ልናውለው እንችላለን?

የአእምሮ ጤና ሲባል እብደት ብቻ አይደለም

በእኛ ዘንድ «የአእምሮ ሕመም» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነው። ይህ ግን ከብዙው ጥቂቱ ነው። የአእምሮ ጤና ማለት ሰው የዕለት ኑሮውን ችግር ተቋቁሞ፣ ተምሮና ሠርቶ፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር የሚችልበት ሁኔታ ነው። ሐዘን፣ ፍርሃትና ንዴት አላህ በሰው ልጅ ውስጥ የፈጠራቸው ስሜቶች ናቸው፤ በራሳቸው በሽታ አይደሉም። ለሳምንታት ሲቆዩና ልጁን ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከትምህርትና ከጓደኞቹ ሲለዩት ግን እርዳታ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ከሌላ ዓለም የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙስሊም ምሁር አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘ መጽሐፉ የአካልንና የነፍስን ጤና ጎን ለጎን አስተምሯል። ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን አለ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘንም አለ ብሎም ለይቷል። ለእኔ ለመድኃኒት ባለሙያዋ በጣም የተስማማኝ ሌላው ምክሩ ነው። ጤነኛ ሰው ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ለድንገተኛ የስሜት መናወጥም ጤናማ ሐሳብን አስቀድሞ ያዘጋጅ ይላል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሞከሩት መርሐ ግብሮች ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ ልጁ ችግር ሳይደርስበት አስቀድሞ ማስታጠቅ።

በተማሪዎች ላይ የሚታዩ ምልክቶች

1. ሐኪም ምክንያት ያላገኘለት ተደጋጋሚ የራስ ምታት ወይም የሆድ ቁርጠት፤
2. እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፤
3. ይወደው ከነበረው ጨዋታና ከጓደኞቹ መራቅ፤
4. ያለ ልማዱ ቁጡ መሆን ወይም መደባደብ፤
5. የትምህርት ውጤት በድንገት መውረድና ከክፍል መቅረት ማብዛት፤
6. የምግብ ፍላጎት መቀነስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። አንድ ልጅ ራሱን ስላመመው ብቻ «ጭንቀት ነው» ብለን አንደምድም። ወባ፣ ደም ማነስ፣ የዓይን ችግርና ረሃብም ራስ ያማሉ፤ አስቀድመው መጣራት አለባቸው። በተለይ ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ትምህርትም አይገባውም። የማሽላ ወይም የበቆሎ ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ለአካባቢያችን ልጅ ርካሽና ጥሩ ምግብ ነው። ልጁ እየበላ፣ ምርመራውም ነፃ ሆኖ ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠሉ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል።

ለምን በትምህርት ቤት?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል። ይህ የዓለም አማካይ እንጂ በእኛ ከተማ የተቆጠረ አይደለም። ሆኖም 70 ተማሪ ያለበትን ክፍል በዚህ ስሌት ብናስበው አሥር ያህል ልጆች ማለት ነው።

የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ሸክም አለባቸው። ቀይ አፈር የበናው፣ የፀማዩ፣ የሐመሩ፣ የአሪውና ከሌላ አገር የመጣው ነጋዴ ልጆች አብረው የሚማሩባት ከተማ ናት። ብዙዎቹ ቤት የሚናገሩትና ደብተር ላይ የሚጽፉት ቋንቋ የተለያየ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በኪራይ ቤት ተሰባስበው፣ ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ የሚማሩ አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ድረስ የደረሰው ድርቅ ከብት የጨረሰባቸው ቤተሰቦች ልጆችም አሉ፤ ለአርብቶ አደር ከብቱ ሲያልቅ ያለቀው ሀብቱ ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ የፈተናው ጭንቀት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ማለፊያውን ባላገኙበት አገር ታናናሾቻቸው ምን እያሰቡ ለፈተና እንደሚቀመጡ መገመት አያዳግትም።

የሚረዳ ሐኪም ደግሞ ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገራችን የአእምሮ ሐኪሞቿ ቁጥር ዛሬም እጅግ ጥቂት ነው። ሁሉም ልጅ በየቀኑ የሚገኝበት ቦታ ትምህርት ቤት ነው፤ ለሙስሊም ልጆች ደግሞ መድረሳ። እርዳታው ልጁ ወዳለበት መሄድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ተፈትሾ የሠራው የትኛው ነው?

አንድ መድኃኒት ፈዋሽነቱ የሚረጋገጠው የወሰዱትና ያልወሰዱት ሰዎች ተነጻጽረው ነው። የትምህርት ቤት መርሐ ግብሮችም እንዲሁ ይፈተሻሉ፤ የተሠራባቸውና ያልተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ይነጻጸራሉ። የተወሰኑትን እንመልከት።

ሕንድ። በቢሃር ግዛት ከ70 በላይ በሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ሴሄር» የተባለ መርሐ ግብር ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሥራዎቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ የግድግዳ ጋዜጣ፣ ተማሪው ችግሩን ጽፎ የሚያስገባበት ሳጥን፣ የተማሪዎች ቡድን፣ በሰልፍ ላይ የሚሰጥ ትምህርት፣ ለሚፈልግ ደግሞ በግል ምክር። በአንዱ ወገን ሥራውን የያዘው ለዚሁ ብቻ የተቀጠረና የሠለጠነ የአካባቢ ሰው ነው፤ ሐኪም አይደለም። በሌላው ወገን ያንኑ ሥራ ከማስተማሩ ላይ ደርቦ የያዘው መምህር ነው። የተቀጠረ ሰው በነበረባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቹ ድባቴ፣ መደባደብና ማስፈራራት ቀነሰ፤ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው ያላቸው ስሜትም ተሻሻለ። መምህራን ደርበው በያዙባቸው ግን ምንም ካልተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች የተለየ ለውጥ አልታየም።

ልብ በሉ፤ መርሐ ግብሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ማን በምን ጊዜው ሠራው የሚለው ነው። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። መምህሩ የሚያርመው ደብተር፣ የሚያዘጋጀው ፈተና አለበት። ተማሪውስ ቢሆን ጠዋት ያንበረከከው ሰው ዘንድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ምሥጢሩን እንዴት ይናገራል?

ኡጋንዳ። ሉዌሮ በተባለ አካባቢ በ42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «መልካም ትምህርት ቤት» የሚል ትርጉም ያለው መርሐ ግብር ተሞከረ። ዓላማው መምህራን ያለ ዱላ ሥርዓት እንዲያስከብሩ መርዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ መርሐ ግብሩ ባልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ባለፈው ሳምንት በሠራተኛ ተመታሁ ያሉት ተማሪዎች 49 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በደረሰባቸው ግን 31 በመቶ ነበሩ። ለአእምሮ ጤና ከማስተማር በፊት ልጁን ከሚጎዳው ነገር መከላከል እንደሚቀድም ያሳየናል። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ኬንያ። «ሻሚሪ» በተባለው መርሐ ግብር ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ሠልጥነው ለታናናሾቻቸው አራት ክፍለ ጊዜ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት የተማሪዎቹ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል።

አውሮፓ። በ10 አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች፣ ከ11,000 በላይ ተማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ተማሪዎቹ ራሳቸው በጨዋታ መልክ እየተወያዩ ችግርን እንዴት እንደሚወጡ በተለማመዱበት ወገን፣ በዓመቱ ራስን የመግደል ሙከራ ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ። መምህራንን ብቻ ምልክት እንዲለዩ ማሠልጠን ግን ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም።

ብሪታንያ። ሁሉም ነገር ይሠራል ማለት ደግሞ አይደለም። በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎች አእምሮን የማረጋጋት ልምምድ በመምህሮቻቸው እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም አላሳየም። ብዙ የተወራለት ነገር ሁሉ ፈዋሽ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም እ.ኤ.አ. በ2023 «ኢዝ» የተባለ መመሪያ አውጥተዋል። ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ሰባት የቡድን ክፍለ ጊዜ፣ ለአሳዳጊዎቻቸው ደግሞ ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው። ልጆቹ ስሜታቸውን በስሙ መጥራት፣ ቀስ ብሎ በመተንፈስ ሰውነትን ማረጋጋት፣ የተዉትን ጥሩ ነገር ጥቂት በጥቂት መልሶ መጀመርና ችግርን ከፋፍሎ መፍታት ይማራሉ። አሳዳጊዎች ማዳመጥን፣ ማመስገንን፣ ያለ ዱላ መምከርን ይማራሉ። ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። ዮርዳኖስ ውስጥ በስደት በሚኖሩ የሶርያ ልጆች ዘንድ ተፈትኖ ጭንቀትና ሐዘን ቀንሷል።

ከአገራችን የምንማረው

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ የራሳችንን እንይ። ጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ፕራይም» በተባለ ፕሮጀክት የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ታማሚዎችን እየለዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ የአገራችን ጥናት ደግሞ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተመልክቷል። በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የታከሙት፣ ሆስፒታል ሄደው በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት ያነሰ ውጤት አላገኙም።

ይህ የሆነው ግን በአንድ ሳምንት ሥልጠና ብቻ አይደለም። ባለሙያዎቹ ከሠለጠኑ በኋላ የሚከታተላቸው፣ ሲከብዳቸው የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው፤ መድኃኒቱም እንዲቀርብ ተደርጓል። በነርስ እጅ ጽኑ ሕመም ከታከመ፣ በሠለጠነ ወጣት እጅ የተማሪ ጭንቀት ሊቀል የማይችልበት ምክንያት የለም።

ግማሽ መድኃኒት

ደንበኞቼ የአንቲባዮቲክ ሰባት ቀን ሲታዘዝላቸው «የሦስት ቀን ስጪኝ፣ ገንዘብ አነሰኝ» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ሻል ይላቸዋል፤ በሁለት ሳምንት በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያም «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላሉ። የተበላሸው መድኃኒቱ ሳይሆን መጠኑ ነው።

እኔ በሰልፍ ላይ ያደረግኩት የሩብ ሰዓት ንግግርም ግማሽ መድኃኒት እንኳ አልነበረም፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቦ ክኒኑን ሳይሰጡ መሄድ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መርሐ ግብር ስንቀበል እንደ መድኃኒት አራት ነገር እንጠይቅ። ለማን ነው? በማን እጅ ይሰጣል? ስንት ጊዜ ይሰጣል? ማን ይከታተለዋል? ከአራቱ አንዱ ካልተመለሰ፣ ባነር ከመስቀላችን በፊት ቆም እንበል።

ቀይ አፈር ላይ እንዴት እንጀምር?

የሚከተለው ለትምህርት ቤት አመራሮች፣ ለወላጅ ኮሚቴዎችና ለመስጂድ ጀማዓዎች የማቀርበው ሐሳብ ነው።

1. በጥቂቱ ጀምሮ መጨረስ። በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል ደረጃ ይጀመር። ሁሉንም ጀምሮ ሁሉንም ከማቋረጥ አንዱን ፈጽሞ ሁለተኛውን መቀጠል ይሻላል።

2. ጊዜ ያለው ሰው። ትምህርቱን የጨረሰ፣ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር፣ በጠባዩ የተመሰገነ ወጣት ይመረጥ፤ ከተቻለ ወንድም ሴትም ይኑሩ። መምህር ከሆነ ከክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፤ የቅጣት ኃላፊነትም አይሰጠው። የአንድ ወጣት አበል በየወሩ ለጀማዓው ከባድ አይደለም። ምንጣፍ ለመቀየር የምናዋጣውን ያህል ለዚህ ብናዋጣስ?

3. ምሥጢር የሚጠበቅበት ቦታ። ትንሽ ክፍል ወይም የዛፍ ጥላ ይበቃል፤ ሰው የሚያይበት፣ ግን የማይሰማበት ይሁን። ወጣቱ ለልጁ «የነገርከኝን ለማንም አልናገርም፤ ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን የሚረዳን ሰው እንፈልጋለን» ብሎ ከመጀመሪያው ይንገረው።

4. ሙሉ ኮርስ። ቁጥራቸው ከአሥር ብዙም ላልበለጠ ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ሳይቋረጥ። ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ በሚሄድበት በጋና በፈተና ሰሞን አይጀመር፤ ልጆቹ ይጎድላሉና።

5. በልጆቹ ቋንቋ። «ድባቴ» የሚለውን ቃል ከጋዜጣ የምናውቀው እኛ ነን። የበና ወይም የፀማይ ልጅ ያን ስሜት በቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ልጁንና ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይገባል። ምሳሌዎቹም ከፍየል ጥበቃና ከውኃ መቅዳት ይሁኑ።

6. ወላጆችን በሐሙስ። የገጠር ወላጅ በደብዳቤ ቢጠራ አይመጣም፤ ሐሙስ ግን ለገበያ ይመጣል። የወላጆች ሦስት ክፍለ ጊዜ በገበያ ቀን ይሁን። የሁላችንም መምጫ የሆነውን ቀን መጠቀም ምንም ወጪ የለውም።

7. ክትትል። ወጣቱ በየሁለት ሳምንቱ በአእምሮ ጤና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ይነጋገር። ጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መሄድ ካልተቻለ በስልክ ይሁን። ብቻውን የተተወ ወጣት ራሱ ይታመማል።

8. መዝገብ። ከመጀመሪያው በፊትና በኋላ ስንት ልጅ ቀረ፣ ስንት ጠብ ተከሰተ፣ ስንቱ ትምህርቱን አቋረጠ የሚለው በአንድ ደብተር ይጻፍ። ለውጥ ከሌለ ዘዴውን እንቀይር፤ ገንዘቡ የአማና ገንዘብ ነው።

ለወላጆችና ለመድረሳ ኡስታዞች

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲለወጥባችሁ ብዙ ጊዜ የምንለው «ሰነፈ»፣ «ጠገበ» ወይም «ጂን ነካው» ነው። ሩቅያ ማስቀራት ሐኪም ዘንድ መሄድን አይከለክልም፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን በመድረሳ ተምረን አድገናል። የታመመ ልጅን መምታት፣ ማሰር ወይም በጭስ ማፈን ግን ከሩቅያም ከሕክምናም አይደለም። በቀን ሩብ ሰዓት ስልክ አስቀምጣችሁ፣ ሳትመክሩና ሳትገሥጹ፣ ልጃችሁን አድምጡ። ማታ ቡናና ሻይ አታብዙለት፤ የእንቅልፍ ሰዓቱን ጠብቁለት።

ለኡስታዞቻችንም ከልጅነቴ አንድ ነገር ላስታውስ። እኔ የቀራሁበት መድረሳ ሁለት ኡስታዞች ነበሩት። አንደኛው ሐርፍ ስንስት ይገርፈን ነበር፤ ሁለተኛው «ቤት ደህና ናችሁ?» ሳይል ቂርአት አያስጀምርም ነበር። ሐርፉን የያዝኩት ከሁለተኛው ነው።

አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ከጻፈ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ለቀናት ካልበላና ካልተኛ፣ ወይም ራሱን ስቶ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጂንካ ሆስፒታል ይወሰድ። ብቻውን አትተዉት። የቤት ውስጥ መድኃኒትንና የተባይ ማጥፊያ መርዝን ቆልፉ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ያን ጊዜ ልጁ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ የሐራምነቱ ትምህርት ሲረጋጋ ይደርሳል።

ከመድኃኒት ጋር በተያያዘ ደግሞ፣ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም፤ ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛም ይገድላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ደግሞ «ተሻለው» ብሎ በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

ማጠቃለያ

ያቺ ልጅ ዘንድሮ እንደገና 8ኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ አልሐምዱሊላህ። እድሜዋ ከክፍል ጓደኞቿ ስለሚበልጥ ታፍራለች፤ ግን አልቀረችም። እኔም ራሱን አሞት የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ክኒኑን ከመቀበሉ በፊት «ከመቼ ጀምሮ ነው? ትተኛለህ? ቤት ደህና ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። መልሱ አንዳንዴ «እርቦኝ ነው» ይሆናል፤ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወረፋው እየጠበቀ ረጅም ነገር ይጀመራል። የመድኃኒት መደብር ጠረጴዛ ግን ለዚህ የሚበቃ ቦታ አይደለም። ቦታው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሰውም፣ ሰዓትም፣ ሙሉ ኮርስም ሊዘጋጅለት ይገባል።

በሚቀጥለው እትም ስለ ሽፈራው ቅጠልና ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች አመጋገብ ይዘን እንቀርባለን፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ልጆቻችሁን «ምን ሆንክ? ምን ሆንሽ?» እያላችሁ ጠይቁ። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።